ቤት ሲጸዳ የተረፈ ዕቃን ለበጎ አድራጎት መስጠት፦ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ለበዓል፣ ለቤት ለውጥ ወይም ለሠርግ ቤት ሲያጸዱ የተረፈውን ዕቃ ወዴት ማድረስ እንዳለባቸው ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

የሚሰጠውን ከሚጣለው በምን እለየዋለሁ?

ተቀባዩ ዕቃውን ዛሬውኑ፣ ሳይሰፋና ሳያስጠግን ሊጠቀምበት ከቻለ የሚሰጥ ነው። ዚፑ የማይዘጋ ሱሪ፣ ጆሮው የወለቀ ድስት፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ ወይም አፉ የተሸራረፈ ብርጭቆ ይህን መለኪያ አያልፍም። «ለቸገረው ሰው ይሁን» ተብሎ የሚሰጥ የማይረባ ዕቃ ትርፉ ድካም ነው፤ ተሸክሞ የሚወስደውም መልሶ የሚጥለውም ያው ችግረኛው ነው። ተቀባዩ ድርጅት ሲሆን ደግሞ ዕቃውን የማስወገዱ ወጪ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ሊውል ከሚችለው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል።

«አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» ተብሎ ቆጥ ላይ ወይም አልጋ ሥር የሚቀመጥ ዕቃም በድሬዳዋ ሙቀት ዕድሜው አጭር ነው። ስፖንጅ ይፈረፈራል፣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ለዓመታት ሳይደረግ የቆየ ጫማ ደግሞ ከላይ ሲያዩት አዲስ መስሎ ሁለት እርምጃ ሳይራመዱበት ሶሉ ይላቀቃል። ሐሳቡ ካለ ዕቃው ደኅና ሳለ መስጠት ይሻላል።

ድሬዳዋ ውስጥ ለማን ልስጥ?

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቅርብ መንገድ የሰፈር እድር ወይም አፎሻ ነው። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ የእድሩ ጸሐፊና የአፎሻው ሰብሳቢ ባሏ የሞተባትን እናት፣ ከአልጋ ያልተነሣውን ሕመምተኛ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት መላክ ያቃተውን አባወራ በስም ያውቋቸዋል፤ ዕቃውም ተቀባዩን ሳያሳፍር በእነርሱ እጅ ሊደርስ ይችላል። አንድ ዓይነት ሰሃን፣ ትሪ፣ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ወንበር በቁጥር በዛ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ከመስጠት ይልቅ ለእድሩ ቢሰጥ ለልቅሶውም ለሠርጉም ሰፈሩ ሁሉ ይገለገልበታል።

የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴም በተመሳሳይ መንገድ ይቀበላሉ። ድርጅት ለሚመርጥ ሰው የማዘር ተሬሳ እህቶች በከተማው ውስጥ ሕሙማንንና ጧሪ የሌላቸውን የሚያስተናግዱበት ማዕከል አለ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው። የልጆች ዕቃ በብዛት ያለውና ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደርን ሊጠይቅ ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ዕቃውን ጭነው ከመሄድዎ በፊት «አሁን የጎደላችሁ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሮበት አንሶላ፣ ሳሙናና የአዋቂ ዳይፐር የሚቸግረው ማዕከል ጥቂት አይደለም፤ በተለይ በረመዳንና በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ስለሚመጣ፣ ከበዓሉ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ መስጠቱ የበለጠ ይጠቅማል።

ዕቃውን ማን ያጓጉዛል?

ሰጪው። ለሁለትና ሦስት ማዳበሪያ ልብስ ባጃጅ ይበቃል፤ ለአልጋ፣ ለቁምሳጥንና ለሶፋ ጋሪ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና ያስፈልጋል። የጫኝና አውራጁን ዋጋም አስቀድሞ መነጋገርና መክፈል ተገቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀቱና በጫቱ ምክንያት ስለሚቀዘቅዝ ቀጠሮው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ሰው ያገኛሉ።

ልብስና ጫማ ከመስጠቴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ታጥቦ በደንብ የደረቀ መሆኑ የመጀመሪያው ነው፤ እርጥበት ያለው ልብስ በፌስታል ታስሮ ሁለት ቀን ካደረ ሽታው በአንድ እጥበት አይለቅም። ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፤ ገንዘብ፣ ፍላሽ፣ ሲም ካርድ፣ አንዳንድ ጊዜም የነዋሪነት መታወቂያ እዚያ ተረስቶ ይገኛል። ጫማ በገመዱ ወይም በጨርቅ ጥንድ ጥንዱን ይታሰር፤ ካልታሰረ ማዳበሪያ ውስጥ ይበታተንና አንዱ እግር ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። የወንድ፣ የሴትና የልጅ ተለይቶ፣ የልጁ በዕድሜ ተከፍሎ በየማዳበሪያው ላይ በወረቀት ቢጻፍ ተቀባዩን የግማሽ ቀን ሥራ ያሳርፈዋል። የውስጥ ልብስና ካልሲ አዲስ ካልሆነ አይሰጥ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከሌላው ልብስ ጋር ተቀላቅሎ ከሄደ ዋጋ ያጣል፤ ቀለሙ የሚያገለግለው ለዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ብቻ ስለሆነ በነሐሴ ወር፣ ምዝገባ ሳያልቅ፣ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ መስጠት ነው። የፖሊስና የሠራዊት የደንብ ልብስ ግን ለማንም አይሰጥም፤ ለክፍሉ ይመለሳል።

ካፖርት፣ ሹራብና ወፍራም ብርድ ልብስ ድሬዳዋ ውስጥ ማን ይፈልገዋል?

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ካፖርት በድሬዳዋ ቁምሳጥን ውስጥ ያረጃል፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኝ ቆላ ነውና። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐሮማያና ሐረር ሲደርሱ ግን ከፍታው ከ1,800 ሜትር ያልፋል፤ ማታ ማታም ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነው። ወፍራሙ ልብስ ወደዚያ፣ ወይም ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በሚሰበሰቡት ነዳያን እጅ ቢደርስ ትክክለኛ ባለቤቱን ያገኛል። በከተማው ውስጥ የሚፈለገው ስስ የጥጥ ልብስ፣ ሽርጥ፣ ድሪያ፣ ነጠላና አንሶላ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ጎዳና ለሚያድር ሰው የድሬዳዋ ሌሊትም ስለሚቀዘቅዝ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ሁልጊዜ ተቀባይ አለው።

ያገለገለ ፍራሽና ሶፋ ይሰጣል?

ትኋን ከሌለበት ይሰጣል። ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን፣ የዚፑን ጠርዝና ማዕዘኖቹን በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ እንደ በርበሬ ፍሬ ጠፍጣፋ ቡናማ ተባይ፣ ነጫጭ ዕንቁላል ወይም የቀለም ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ፍራሹ ከቤት ሲወጣ ችግሩን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይገባል። «የድሬዳዋ ፀሐይ ይገድለዋል» የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ ትኋንና ዕንቁላሉን የሚጨርሰው ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ ፀሐይ የፍራሹን ላይኛ ገጽ ቢያግለውም ወደ መካከሉ በበቂ አይደርስም። አንሶላና የትራስ ልብስ ግን በፈላ ውኃ ታጥቦ ሊድን ይችላል።

ስፖንጁ መካከል ላይ የሰመጠ ፍራሽ ደግሞ ተባይ ባይኖርበትም አይሰጥ፤ በተለይ ከአልጋ ለማይወርድ ሕመምተኛ ለአልጋ ቁስል ይዳርጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥንስ?

ተሰክቶ፣ ሠርቶ፣ ተቀባዩ ፊት መታየት አለበት። ገመዱ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ዕቃ መጀመሪያ ገመዱ ይቀየርለት።

ስለ ምጣድ ለብቻው ማሰብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሥራ ላይ ሳለ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ15 አምፒር በላይ ማለት ነው። ከአንድ ቆጣሪ በቀጭን ገመድ ተቀጥሎ ለአራትና ለአምስት ቤት በሚከፋፈልበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ምጣድ መስጠት ለእሳት አደጋ በር መክፈት ሊሆን ስለሚችል፣ ተቀባይዋ የምትኖርበትን ቤት መስመር ሳይጠይቁ አይስጡ። መስመሩ የማይችል ከሆነ የከሰል ምድጃ፣ ብረት ድስት ወይም ጥሩ የሸክላ ምጣድ የተሻለ ስጦታ ነው።

የማይሠራ ፍሪጅን ለዕቃ ማስቀመጫነት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ከተሰጠ በሩ ይነቀል ወይም መቆለፊያው ይውለቅ፤ ልጅ ገብቶ ከተዘጋበት ከውስጥ የማይከፈት ዓይነት አሮጌ ፍሪጅ ለሕይወት ያሰጋል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን በውስጡ እርሳስ ስላለው ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን አይተው።

ስልክና ላፕቶፕ ሳስረክብ መረጃዬስ?

በመጀመሪያ ከኢሜይልና ከባንክ መተግበሪያዎች ይውጡ፤ ቀጥሎ ፎቶዎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ፤ በመጨረሻም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስልኩ የእርስዎን የይለፍ ቃል እየጠየቀ ለተቀባዩ የማይከፈት ብረት ይሆንበታል። ሲምና ሚሞሪ ካርድ ይውጡ፤ ቻርጀሩ አብሮ ይሰጥ።

መጻሕፍትን ማን ይቀበላል?

በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ስለሚሰጥ መጻሕፍቱን በቋንቋ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመተግበሩ የቆዩ የመማሪያ መጻሕፍት ለክፍል ትምህርት እምብዛም አይፈለጉም፤ መዝገበ ቃላት፣ ልቦለድ፣ የተረት መጽሐፍና የሒሳብ መልመጃ ግን አያረጅም። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሰጡ ከሆነ ኃላፊውን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ገጹ የጎደለውንና ምስጥ የነካውን ግን አይውሰዱ፤ ምስጡ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይሻገራል።

የተረፈ መድኃኒትና የሕፃን ዕቃ?

መድኃኒት አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት ዳግም እንዳይለገስ ይከለክላል፤ በቤት ሙቀት እንዴት እንደተቀመጠ የሚያረጋግጥ የለምና። በአንጻሩ ክራንች፣ ዊልቸር፣ የመራመጃ ዱላና የሕሙማን አልጋ ተፈላጊ ናቸው፤ የዊልቸሩን ጎማና ፍሬን ብቻ ፈትሸው ይስጡ። ከሕፃን ዕቃ የሚሰጠው ልብስ፣ አንቀልባ፣ ገንዳና መጫወቻ ሲሆን ያገለገለ ጡጦ ግን ይጣል።

ግቢ ውስጥ የተከማቸ ጎማ፣ በርሜልና ጄሪካንስ?

በዚህ ከተማ ከሁሉም በፊት ሊነሣ የሚገባው ይህ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ በ2014 ዓ.ም. የታየው የወባ መዛመትም አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከሚባለው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከሚራባው የትንኝ ዝርያ ጋር የተያያዘ ነበር። የዴንጊና የቺኩንጉንያ አስተላላፊ ትንኝም በጎማ ውስጥ፣ በተሰበረ ማሰሮና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ በሚቀር ጥቂት ውኃ ይራባል።

ስለዚህ ክዳን ያለውና የማያፈስ በርሜል ወይም ጄሪካን ታጥቦ ከነክዳኑ ይሰጥ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከዚህ የበለጠ የሚፈለግ ዕቃ ጥቂት ነው። ኬሚካል፣ ነዳጅ ወይም የመኪና ዘይት የነበረበት ጄሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ እንዲሆን አይሰጥም። ጎማና የተሰነጠቀው ሁሉ ዝናቡ ሳይጀምር ከግቢ ይውጣ።

ጎርፍ ወይም የእሳት አደጋ ሲደርስ ቤቴ ያለውን ልብስ ሁሉ ላውጣ?

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ አደጋ ሲሰማ ያለውን አንሥቶ መሮጡ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን ላጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ድስት፣ ክዳን ያለው ጄሪካን፣ ምንጣፍ፣ አጎበር፣ ብርድ ልብስና የንጽሕና መጠበቂያ ነው። ያልተለየ ልብስ የጫነ መኪና መጠለያው በር ላይ ሲቆም ዕቃ ለይቶ የሚያከፋፍል ሰው ከሌላ አጣዳፊ ሥራ ይነሣል። ልብሱ ይቆይ፤ ሰዎቹ ወደ ቤት ሲመለሱ ይደርሳል።

ለቆራሌው ወይም ለልዋጭ ሰጥቼ ገንዘቡን ብለግስ አይሻልም?

ለተሰበረ ብረት፣ ለተቃጠለ ሞተር፣ ለጠርሙስና ለፕላስቲክ ጀሪካን ስብርባሪ አዎ፤ ማዕከሉ ብረቱን ምንም አያደርግበትም፣ በገንዘቡ ግን ሳሙና ይገዛበታል። ለደኅና ልብስና ለሚሠራ ዕቃ ግን አይመከርም። ልዋጭ አራት ልብስ ወስዶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል፤ የመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ያው ልብስ ገበያ ገብቶ ሲወጣ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው።

ቤት ለቤት እየዞሩ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችን ልመን?

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሚሠራ ድርጅት የምዝገባ ምስክር ወረቀት አለው፤ ሠራተኛውም መታወቂያና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማሳየት አይከብደውም። ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛው ሰብሳቢ አይቀየምም። «መኪናው ውጭ ቆሟል፣ ቶሎ በሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ዕቃውን ራስዎ እንደሚያደርሱ ነግረው ይሸኙት፤ አድራሻውን ከነገረዎት ነገሩ ራሱ ይገለጣል።

የሰጠሁት ልብስና ዕቃ እንደ ዘካ ይታሰብልኛል?

ዘካ የራሱ ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ የሀብት መጠን)፣ የጨረቃ ዓመት መሙላት፣ በገንዘብና በንግድ ዕቃ ላይ 2.5 በመቶ የሆነ መጠን፣ እንዲሁም ተለይተው የታወቁ ስምንት የተቀባይ ወገኖች አሉት። ቤት ሲጸዳ የተረፈ ልብስና ዕቃ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ሰደቃ ነው። ለተለየ ሁኔታ የመስጊድዎን ኢማም ይጠይቁ። ሰደቃውንም ቢሆን ቁርኣን ሰጪው ራሱ ዓይኑን ሳይጨፍን የማይቀበለውን ነገር መርጦ እንዳይሰጥ ይከለክላል።

ለቤት ሠራተኛችን ብሰጥስ?

መልካም ነው፤ ነገር ግን ስጦታው ከደመወዟ ወይም ከበዓል ልብሷ እንዳይታሰብ። «ምን ላድርግበት» ለማለት ስለማትደፍር ምርጫውን ለእርሷ መተው፣ የማትፈልገውንም ያለ ቅሬታ መልሶ መውሰድ ይገባል። ሌላው ነጥብ ከግቢ ስትወጣ ነው፦ ዕቃውን እንደሰጧት ለዘበኛውና ለቀሩት ቤተሰቦች አስቀድመው ይንገሩ፤ በተሰጣት ዕቃ በሌብነት የምትጠረጠር ሠራተኛ ታሪክ በየሰፈሩ የሚሰማ ነው።

የሟች ዘመዴን ልብስና ዕቃ መቼና እንዴት ልስጥ?

ቀኑን ልማድና ሃይማኖት ይወስኑታል፤ ብዙ ቤተሰብ ከአርባው በፊትም ሆነ በኋላ ልብሱን ለነዳያን ይሰጣል። በሕግ በኩል ግን የሟች ንብረት የወራሾች ሁሉ ስለሆነ ልብስ እንኳ ቢሆን ከመውጣቱ በፊት የቅርብ ቤተሰቡ ይስማማ። አንዷ እህት የአባቷን ጋቢ ለማስታወሻ ትፈልግ ይሆናል፤ ከሄደ በኋላ ደግሞ አይገኝም። ሰነድ፣ የባንክ ደብተር፣ የዕዳ ወረቀት በኮት ኪስና በፍራሽ ሥር ስለሚገኝ ማጣራቱ ለሁለት ሰው ይሰጥ።

ደረሰኝ ብቀበል ከግብር ይቀነስልኛል?

ለደመወዝተኛ አይቀነስም። ለነጋዴ ግን የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ በወጪነት እንዲያዝ ደንግጓል። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት ስለሆነ የሒሳብ ባለሙያዎን ያማክሩ። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ለጎረቤትና ለእድር የተሰጠውም አይገባም።

ስሰጥ ፎቶ ብነሣ ችግር አለው?

ዕቃውን ፎቶ ያንሡ፤ የተቀባዩን ፊት ግን ተዉት። ድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አንዲት እናት የተቀበለችው ጫማ በስልክ ሲዘዋወር ልጇ ትምህርት ቤት ይሰደብበታል።

የሰጠሁትን ዕቃ ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ሲሸጥ ባየውስ?

ሊያዩት ይችላሉ፤ ወንጀልም ክህደትም አይደለም። የሚንቀሳቀስ ንብረት በስጦታ ተሰጥቶ ርክክቡ ከተፈጸመ ባለቤቱ ተቀባዩ ነው፤ መሸጥም መብቱ ነው። የቤት ኪራይ ያልከፈለች ሴት ብርድ ልብሱን ሸጣ ኪራይዋን ብትከፍል ብርድ ልብሱ ጠቅሟታል። ተቀባዩ ድርጅት ሲሆን ግን ዕቃው እንዲሸጥ ወይም እንዳይሸጥ ምን አሠራር እንዳለው ከመስጠትዎ በፊት የመጠየቅ መብት አለዎት። ብዙዎቹ ትርፍ የሆነባቸውን ሸጠው የጎደላቸውን ይገዛሉ፤ ይህንንም በግልጽ ይናገራሉ።

ነገሩ የሚቀየረው ዕቃው ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ መካከል ላይ ያለው ሰው ከሸጠው ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ዕቃውን በዝርዝር ጽፎ ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት፣ አንዱን ለድርጅቱ ንብረት ክፍል አስፈርሞ መያዝ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ያለ አማላጅ በቀጥታ ማድረስ ይበቃል።